የጤፍ ጂኖች ቁጥር ግራ አጋብቶኛል፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የማስተርስ ጥናቴ ላይ መላው ጠፍቶኛል። የአበባ ዕፅዋት የጂን ቤተሰቦች (ከአንድ ጥንታዊ ጂን የመጡ ተመሳሳይ ጂኖች) የት እንደበዙ፣ የት እንደቀነሱ እያወዳደርኩ ነው። የያዝኳቸው ጤፍ፣ ማሽላ፣ ሩዝ፣ አራቢዶፕሲስ የምትባለው የምርምር ተክልና አምቦሬላ የምትባለው ቁጥቋጦ ናቸው። አምቦሬላን የጨመርኩት የዘር ሐረጓ ከሌሎቹ የአበባ ዕፅዋት ሁሉ ቀድሞ የተለየ ስለሆነ ነው።

ፕሮቲኖቹን ኦርቶፋይንደር በሚባል ፕሮግራም በየቤተሰባቸው መደብኩ። የቤተሰቦችን መስፋትና መጥበብ በሚገምተው፣ ካፌ በሚባለው ፕሮግራም ሳስኬደው ግን ጤፍ ላይ ጉድ ፈላ። በጣም ብዙ ቤተሰብ "ሰፍቷል" ይለኛል። አንዱን ቤተሰብ ቁጭ ብዬ በእጄ ቆጠርኩት። ማሽላ ላይ አንድ የሆነው ጂን ጤፍ ላይ ሁለት ነው፤ አንዱ ኤ፣ ሌላው ቢ ንዑስ ጂኖም ላይ (ንዑስ ጂኖም ማለት ከአንዱ ወላጅ ዝርያ የመጣው የጂኖሙ ክፍል ነው)። ጤፍ ከሁለት ዝርያዎች የተዳቀለ፣ 40 ክሮሞዞም ያለው ቴትራፕሎይድ (አራት የክሮሞዞም ስብስብ ያለው) ነው። ስለዚህ ብዜቱ ከድቅያው የመጣ ይመስለኛል።

ታዲያ ሁለቱን ንዑስ ጂኖሞች እንደ ሁለት ዝርያ ለያይቼ የዝርያዎቹ የዘር ሐረግ ዛፍ ላይ ላስገባ? ወይስ ቁጥሩን ለሁለት ላካፍል? ማካፈሉ አልተዋጠልኝም። አንድ ቅጂ የጠፋባቸውን ጂኖች ይደብቅብኛል፤ እኔ ደግሞ በተለይ የምፈልገው እነሱን ነው። እንደ ጤፍ ከተዳቀሉት፣ ስንዴ ወይም ጥጥ ላይ የሠራችሁ ካላችሁ እንዴት እንደተወጣችሁት ንገሩኝ። ውለታችሁን አልረሳም።