በሥራ ጉዞ መሃል ሚኒያቸር (ትንንሽ የሰው ቅርጽ) መቀባት እንዴት ይቻላል?

ጠያቂ፦ ከወሩ 2 ሳምንት ሆቴል ነው የማድረው። አንድ 28 ሚሊሜትር ወታደር ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ፤ ኮቱ ብቻ ነው ያለቀው። ቤት ደግሞ ለሚኒያቸሮቹ መቆሚያ ከፎም የጀመርኩት ኮረብታ ሳሎኑን ይዞታል። ባለቤቴ ልትጥለው ነው።

መልስ 1፦ ኮረብታውን ለቅዳሜ ተወው። ለጉዞ 6 ቀለምና 2 ብሩሽ በቃ። 17 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ በእጅ ሻንጣ ያልፋል። ከሌላው ቀለም በፊት ከሥር የሚነፋውን ግን ቤት ነፍተህ ውጣ፤ የሚነፋ ቀለም አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም።

መልስ 2፦ የወታደሮቹ እግር ሥር ማግኔት ለጥፍና የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አቁማቸው። እኔ በጥጥ ጠቅልዬ የአንዱ ጦር ተሰበረ። ምላጬንም ፍተሻ ላይ ወሰዱብኝ።

ጠያቂ፦ የሆቴል መብራት ቢጫ ነውኮ! ጥቁር ብዬ የቀባሁት ጠዋት ሳየው ሰማያዊ።

መልስ 1፦ በዩኤስቢ የምትሠራ ነጭ መብራት ያዝ። የሆቴሉን ፎጣ ደግሞ ቀለም እንዳይነካው አደራ፤ እኔ አንዴ ከፍያለሁ።