ታይም ሉፕ ያለበት የፍቅር ትሪለር ለምንድን ነው እንዲህ የሚይዘን?

ማታ_ተመልካች (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን አንድ ነገር ሲያብሰለስለኝ ከረመ፤ ከእናንተ ጋር ልጫወተው ብዬ ነው። «ሶርስ ኮድ»፣ «ራን ሎላ ራን» እና «ግራውንድሆግ ዴይ»ን ያላየ ሰው ካለ ቀድሞ ይያቸው፤ ምስጢራቸውን ማውጣቴ አይቀርም።

እኔ አንዴ ያየሁትን ፊልም መድገም አይሆንልኝም። ገዳዩ ማን እንደሆነ ካወቅኩ አበቃ። የፍቅር ፊልምም ቢሆን መጋባታቸውን ካየሁ ወዲያ ተመልሼ አልነካውም። ግን ታይም ሉፕ የሚባለው፣ ቀኑ ወይም ደቂቃው እየተመለሰ የሚጀምር፣ መሃሉ ላይ ፍቅር ያለበት፣ ከኋላ ደግሞ ሞት የሚያሳድደው ፊልም ሲሆን አልጠግብም። የሚገርመኝ ፊልሙ ራሱ እኮ ድግግሞሽ ነው። ያንኑ ትዕይንት መልሶ መላልሶ ያሳየኛል። ይሰለቸኛል ስል ጭራሽ ይብስብኛል።

«ሶርስ ኮድ»ን (2011) ውሰዱ። ሰውየው ባቡር ውስጥ ይባንናል። ፊት ለፊቱ የተቀመጠችው ሴት ምክሩን እንደሰማች እያወራችው ነው። አንዲት መንገደኛ ጫማው ላይ ቡና ታፈስበታለች። ትኬት ተቆጣጣሪው ይመጣል። 8 ደቂቃ ሲሞላ ባቡሩ ይጋያል። ከዚያ እንደገና፦ ምክሩ፣ ቡናው፣ ትኬቱ። በመጀመሪያው ዙር ሴትየዋን ልብ አላልኳትም። እሱም ቢሆን የት እንዳለ ግራ ገብቶት ነው እንጂ እሷን የሚያይበት ዓይን አልነበረውም። በኋለኞቹ ዙሮች ግን ያቺ የመጀመሪያ ንግግሯ ገና ከአፏ ስትወጣ ሆዴ ይባባል። ቃሉ ያው ነው። ድምፅዋም ያው ነው። እሷ ገና አሁን ነው የተገናኘነው ብላ የምታስበውን ሰው፣ እሱ ስትሞት አይቷት ነው የመጣው።

እኔን የሚመስለኝ እንቆቅልሹ አይደለም የሚይዘን። ቦምቡን ያጠመደውን ሰው አንዴ ካየሁት አውቄዋለሁ፤ ያም ሆኖ እንደገና አያለሁ። የሚይዘን አንዱ እያስታወሰ ሌላው የሚረሳ መሆኑ ነው። በሌላው የፍቅር ታሪክ ሁለቱም እኩል ይጀምራሉ፤ ያፍራሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ይታረቃሉ። እዚህ አንዱ ብቻውን ሩቅ ሄዶ ይጠብቃል፤ ሌላዋ በየዙሩ ከዜሮ ትነሳለች። ትናንት አብረው የሳቁበትን ነገር ዛሬ ቢነግራት እንደ እብድ ነው የምታየው። የዚያ ሰው ብቸኝነት ነው እኔን ሆዴን የሚበላኝ።

ግን የሚከነክነኝም እዚሁ ላይ ነው። ይሄ ፍቅር እውነት ነው ወይ? እሱ ስለ እሷ ሁሉን ያውቃል፣ እሷ ምንም። ጥያቄውን ቀድሞ አይቶ ፈተና የገባ ተማሪ ማለት ነው። «ግራውንድሆግ ዴይ» (1993) ይህንን በግልጽ አሳይቶናል። ያው ቀን የሚደጋገምበት ፊል፣ የሚፈልጋት ሪታ የምትጠጣውን መጠጥ ሳይቀር አጥንቶ፣ እሷ የምትወደውን እየወደደ ይመጣል። እሷም የሆነ ነገር ይሸታታል። መጨረሻው ጥፊ ነው፤ ፊልሙም ጥፊውን በላይ በላዩ እየደራረበ ያሳየናል። ሪታ ምን እንደተደረገባት ባታውቅም ፊልሙ ግን ያውቃል፤ ጥፊውን የሰጣት ለዚያ ነው። ትሪለር ሲሆን ግን ጥፊው ይቀራል። ሕይወቷን ሊያተርፍ እየሮጠ ስለሆነ ስለ እሷ ያንን ሁሉ ማወቁን ማንም አይቆጥርበትም።

ትክክል ነን? እናንተን የሚይዛችሁስ ምኑ ነው? ፍቅሩንስ ታምኑታላችሁ?

ቆራጭ_ቀጣይ

እህቴ፣ ግሩም ጥያቄ ነው። እኔ የምተዳደረው በቪዲዮ ኤዲቲንግ ስለሆነ ዓይኔ ወደ ሌላ ቦታ ነው የሚሄደው። ስለ ፍቅሩ ሌሎቹ ይበሉበት። እኔ «ለምን አይሰለችም» የሚለውን ልመልስ።

የመጀመሪያው ዙር ሁሌም ሙሉ ነው። ማን የት እንደተቀመጠ፣ ምን ከምን ቀጥሎ እንደሚመጣ ቀስ ብሎ ያስተምርሻል። ከዚያ በኋላ መቀሱ ይገባል። ቡናው ሲፈስ ሙሉውን ማየት አያስፈልግሽም፤ እግሩን ሰብሰብ ሲያደርግ ብቻ ካየሽ ገብቶሻል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ተመልካቹን እንደ ብልህ ሰው ማክበር ነው። ባቡር ሙሉ ሕዝብ የማያውቀውን አንቺና እሱ ብቻ ታውቃላችሁ። ከዋናው ገጸ ባሕርይ ጋር እንዲህ የሚያሻርክ ሌላ የአተራረክ ዘዴ አላውቅም።

ቀጥሎ ደወሉ አለ። ዙሩ እንደገና መጀመሩን የሚነግር አንድ ድምፅ ወይም አንድ ምስል የግድ ነው። «ግራውንድሆግ ዴይ» ላይ ልክ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሲሆን ሬዲዮው ያንኑ ዘፈን ይዞ ይነሳል። የጀርመኑ «ራን ሎላ ራን» (1998) ላይ ደግሞ ቀዩ የስልክ እጀታ በአየር ላይ ተሽከርክሮ ቦታው ላይ ዘጭ ይላል፤ ሎላ ሩጫዋን ትጀምራለች። ለፍቅረኛዋ ለማኒ 100 ሺህ ማርክ የምታደርስበት 20 ደቂቃ ነው ያላት። ያ እጀታ ሲወድቅ የእኔም ልብ አብሮ ይመታል።

አንድ ትንሽ ነገር ላሳይሽ። በመጀመሪያው ሩጫ ሎላ ሽጉጥ ስትይዝ መጠበቂያውን እንዴት እንደምትከፍት የሚነግራት ማኒ ነው። በሁለተኛው ሩጫ አባቷ የሚሠራበት ባንክ ውስጥ ሽጉጥ ስታነሳ ማንም ሳይነግራት ራሷ ትከፍተዋለች። ፊልሙ «ታስታውሳለች» ብሎ አንድ ቃል አይተነፍስም። እጇ ግን ያውቃል። ዳይሬክተሩ ቶም ቲክቨር ያንን ለአፍታ አሳይቶን ያልፋል፤ ማብራሪያ የለም። እኔ ብሆን ይቺን ሾት አንድ ሰከንድ አላስረዝማትም።

እሷን_ማን_ጠየቃት

በ«ሶርስ ኮድ» ላይ እኔ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። በግልጽ ልናገር።

ክርስቲና፣ ማለትም ባቡሩ ውስጥ ፊት ለፊቱ የተቀመጠችው ሴት፣ የምታወራው ከሾን ጋር ነው። የምታውቀው ሾንን፣ ፊቱም የሾን። ውስጡ ያለው ግን ኮልተር የሚባል ወታደር ነው። መጨረሻ ላይ ኮልተር በሾን ገላ ውስጥ መኖሩን ቀጠለ፤ አብረው እጅ ለእጅ ተያይዘው ሄዱ። ደስ ብሎን ወጣን። ሾንስ? ያ ሰው የት ገባ? እሷስ ከማን ጋር እየሄደች እንደሆነ የነገራት አለ? ማዳኑ ሌላ፣ ማፍቀሩ ሌላ። አንድን ሰው ከሞት ስላወጣሁት ብቻ እኔን ባለማወቁ ላይ ተመሥርቼ ሕይወት ልጀምር አልችልም።

ማየት ከፈለጋችሁ «ኤጅ ኦፍ ቱሞሮው» (2014) ላይ ያለችውን የገጠር ቤት ትዕይንት ልብ ብላችሁ እዩ። ቀኑ የሚደጋገምበት ኬጅ ቡና ያፈላል፤ ስኳሩን አብራው የምትዋጋው ሪታ (የ«ግራውንድሆግ ዴይ»ዋ አይደለችም፣ ስማቸው ገጥሞ ነው) በምትወደው ልክ ያደርጋል። እሷ ያቺን ቡና ስታይ ወዲያው ትነቃለች። ከዚህ በፊት እዚህ መጥተናል ማለት ነው፤ እሱ ደግሞ አልነገረኝም። ትጋፈጠዋለች። እሱም ያምናል፤ ከዚህ ቤት አልፋ ሄሊኮፕተሩን ለማስነሳት ከሞከረች እንደምትሞት፣ ምን ቢያደርግ ሊያተርፋት እንዳልቻለ ይነግራታል።

ለምን እንዲህ ቶሎ ገባት? ሪታ ራሷ በዚያ ድግግሞሽ ውስጥ ያለፈች ስለሆነች ነው። የምትወደው ሰው 300 ጊዜ ሲሞት አይታለች። ስለዚያ ሰው ማውራት የማትፈልገውም ሕመሙን ስለምታውቀው ነው። እዚህ ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው። ይሄን ፍቅር አምነዋለሁ። የባቡሩን አላምነውም።

ማታ_ተመልካች (ጠያቂ)

@እሷን_ማን_ጠየቃት፣ የቡናዋን ነገር እንዲህ አድርጎ ያየ ሰው አላገኘሁም ነበር፤ አመሰግናለሁ። ሾን ላይ ያነሳሽው ከባድ ነው። ፊልሙም መልስ የለው።

ነገር ግን ለኮልተር አንድ ነገር ልከራከርለት። የመጨረሻዋን 8 ደቂቃ ምን አደረገባት? ቦምቡን ካከሸፈ፣ ሰውየውን ካስያዘ በኋላ ማለቴ ነው። ከዚህ በኋላ የለሁም ብሎ ነው የሚያስበው። አባቱ ጋ ይደውላል። «ልጅህ ነኝ» ማለት ስለማይችል የልጅህ የጦር ጓደኛ ነኝ ብሎ፣ ልጁ ሊናገረው የፈለገውን ይቅርታ ያደርስለታል። ከዚያ ባቡሩ ውስጥ ያለ ኮሜዲያን ተሳፋሪዎቹን እንዲያስቅ ገንዘብ ይወራረደዋል። ጊዜው ሲያልቅ የባቡሩ ሰው ሁሉ እየሳቀ ነበር። መሳሳሙን እንርሳውና፣ ይሄ ሰው የቀረችውን ጊዜ ለማያውቁት ሰዎች ሳቅ ነው ያዋላት። ክርስቲናን ማፍቀሩም ከዚያ ጋር አብሮ የመጣ እንጂ ተጠንቶ የተዘጋጀ ወጥመድ አይመስለኝም። ፊል መጀመሪያ ላይ ያጠና የነበረው እሷን ለማግኘት ነው። ኮልተር ያጠናው ባቡሩን ነው፤ እሷ እዚያ ውስጥ ነበረች።

ልዩነቱ ይታየኛል። ሾንን ግን አይመልስም፤ እሱን አልክድሽም።

ዝምታ_ይሻላል

ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የማልፈው። ዛሬ ግን ልጻፍ።

ታላቅ ወንድሜን በድንገት ነው ያጣሁት። የዚያን ቀን ደውሎልኝ ነበር፤ ሥራ ላይ ስለነበርኩ በኋላ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ያንን ቀን በጭንቅላቴ ስንት ዓይነት አድርጌ እንደሠራሁት አትጠይቁኝ። አንዳንዴ ስልኩን አንስቼ ረጅም እናወራለን። አንዳንዴ እንዳይወጣ እለምነዋለሁ። አንዳንዴ ምንም አልለውም፤ ብቻ እሰማዋለሁ።

ለእኔ እነዚህ ፊልሞች ልብ ወለድ አይደሉም የምለው ለዚህ ነው። ሐዘን እንዲህ ነው የሚሠራው። ያንኑ ቀን እየመለሰ ያመጣዋል፤ አንቺ ብቻ ታስታውሻለሽ፤ ሌላው ሰው ወደ ሥራው ሄዷል። ሎላ ማኒን አስፋልት ላይ ወድቆ ስታየው፣ ከዚያ ስልኩ እንደገና ዘጭ ሲል፣ እኔ የማየው ፊልም አይደለም። እንኳን ሦስት ጊዜ መቶ ጊዜ ቢሯሯጡልኝ አይሰለቸኝም።

ፍቅሩ እውነት ነው ወይ ለሚለው፣ እኔ አዎ ነው የምለው። ሌላው ሰው ባያስታውሰውም የሮጠው ሰው ሮጧል።

ቆራጭ_ቀጣይ

@ዝምታ_ይሻላል፣ ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ያጽናህ። ስለጻፍክልን አመሰግናለሁ።

አንተ ያልከው አንድ ነገር አስታወሰኝ። «ራን ሎላ ራን» ላይ በሩጫዎቹ መሃል ሁለቱ አልጋ ላይ ተጋድመው በቀይ ብርሃን የሚያወሩባቸው ትዕይንቶች አሉ። በአንደኛው እሷ ትወደኛለህ ወይ እያለች ታፋጥጠዋለች። በሌላው እሱ፣ እኔ ብሞት ምን ትሆኛለሽ ብሎ ይጠይቃታል። ፊልሙ በሙሉ ሩጫ ሆኖ እዚያ ላይ ብቻ ቆም ይላል። እነዚያን ሁለት ትዕይንቶች ብታወጣቸው ፊልሙ ገንዘብ ስለማድረስ ብቻ ይሆን ነበር።

አዲስ_ገቢ

ውይይቱ ደስ ይላል። እኔ ከተጠቀሱት አንዱንም አላየሁም፤ ምስጢራቸውንም አሁን ሰምቻለሁ፤ ግድ የለም። ከየትኛው ልጀምር? የሕንድ ፊልም ስለምወድ ከዚያ ወገን ካለም ንገሩኝ።

ማታ_ተመልካች (ጠያቂ)

@አዲስ_ገቢ፣ ከሎላ ጀምር። አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አትሞላም፤ ምስጢሩን ማወቅህም ብዙ አይጎዳህም፤ ጉዳዩ አሯሯጧ ላይ ነው። በጀርመንኛ ከነድምፁ እያት እንጂ በትርጉም ድምፅ አትያት፤ ጩኸቷ መስታወት የሚሰብር ነው፣ ያ ጩኸት የእሷው መሆን አለበት። ከሕንድ ወገን «ሉፕ ላፔታ» (2022) አለልህ፤ የዚሁ የሎላ ሪሜክ ነው፣ ታፕሲ ፓኑ የሠራችበት፤ ኔትፍሊክስ ላይ ነው የወጣው። ሎላን ካየህ በኋላ ብታየው ምን እንደለወጡ እያነጻጸርክ ትደሰታለህ። «ሶርስ ኮድ»ን ለሦስተኛ አቆየው። አይተህ ስትጨርስ ሾን ላይ የአንተን ሐሳብ እዚህ ጻፍልን፤ እኔና እህታችን ገና አልተስማማንም።