19 ዓመት ከሠራሁበት የቤተሰብ ሱቅ በምን አኳኋን ልሰናበት?

ጥያቄ (ባለ ቁልፉ)፦
በደሴ ከተማ በሚገኝ አንድ የግንባታ ዕቃ መደብር ከ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ 19 ዓመት ሠርቻለሁ። ስገባ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ተሸካሚ ነበርኩ፤ ዛሬ ሽያጩም፣ የዱቤ መዝገቡም፣ የመጋዘኑ ቁልፍም በእኔ እጅ ነው። ባለቤቱን ሁላችንም ሐጂ እያልን የምንጠራቸው ሲሆን፣ ዕድሜያቸው ከገፋ ወዲህ ሱቁን የሚመራው ትልቁ ልጃቸው ነው፤ ይሁን እንጂ ሐጂ ከዐስር ሶላት በኋላ መጥተው በሩ አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ ሳይቀመጡ የሚመሽ ቀን የለም። አሁን ኮምቦልቻ በሚገኝ ፋብሪካ የመጋዘን ኃላፊ እንድሆን ተጠይቄያለሁ። እዚህ በወር 9,000 ብር ሲከፈለኝ እዚያ 16,000 ብር ነው፤ የሦስት ልጆች አባት ነኝና ለመሄድ ወስኛለሁ። የቸገረኝ አወጣጡ ነው። መጀመሪያ ለሐጂ ልንገር ወይስ ለልጃቸው? የጽሑፍ ውል ተፈራርመን ስለማናውቅ፣ የመልቀቂያ ደብዳቤ ይዤ ብቀርብ እንደ ባዕድ አያስቆጥረኝም? የሥራ ስንብት ክፍያ ይገባሃል የሚሉኝም አሉ፤ ሠርጌን የደገሰልኝን ቤተሰብ ይህን መጠየቅ ነውር አይሆንም ወይ?

መልስ (የነጋዴ ልጅ)፦
እኔ ያደግሁት በሌላው ወገን፣ ማለትም በባለ ሱቁ ቤት ነው። አባቴ ጋ 14 ዓመት የሠራ አንድ ሰው ሊለቅ ማሰቡን በመጀመሪያ ያጫወተው ለአንድ ደንበኛ ነበር፤ ደንበኛውም ነገሩ የታወቀ መስሎት ቡና ላይ ለአባቴ አነሣለት። አባቴ መሄዱን አልተቃወመም፤ ነገር ግን ሰውየው እስኪወጣ ድረስ ሰላምታውን በአንገቱ ብቻ ነበር የሚመልስለት። ስለዚህ ለሐጂ ቀድመው ይንገሩ፤ ሱቅ ውስጥ በገዢ መካከል ሳይሆን ቤታቸው ሄደው፣ ከተቻለም ሁለታችሁንም የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ይዘው ቢሆን መልካም ነው። ለልጃቸው ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ በዚያው ዕለት ይንገሩት፤ በስተርጅናቸው አባቱን ብቻ አክብረው እሱን እንደ ተላላኪ የቆጠሩት ከመሰለው ቀሪውን ወር አብራችሁ መሥራት ይከብዳችኋል። ደመወዙን እንደ ዋና ምክንያት አያቅርቡ፤ ቢጠየቁ ግን አይዋሹ፤ ደሴና ኮምቦልቻ ጎረቤት ናቸው፣ የሚደበቅ ነገር የለም።

መልስ (የሠራተኛ ጉዳይ)፦
ደብዳቤውን በተመለከተ ጥርጣሬ አይግባዎት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጥቶ ሥራውን መልቀቅ ይችላል፤ ሳያስጠነቅቅ የሄደ ግን እስከ 30 ቀን ደመወዝ ሊከፍል ይገደዳል። የጽሑፍ ውል አለመኖሩም መብትዎን አያስቀርም። ደብዳቤው አንድ ገጽ ሳይሞላ ምስጋናውን፣ የሚለቁበትን ቀንና ርክክብ ለማድረግ መዘጋጀትዎን ይግለጽ፤ በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱን አስፈርመው ያስቀሩ። ቃሉ መጀመሪያ በአፍ ከተነገረ በኋላ የሚሰጥ ወረቀት ማንንም አያስቀይምም።

የስንብት ክፍያውን በተመለከተ፣ 5 ዓመትና ከዚያ በላይ አገልግሎ በራሱ ፈቃድ የለቀቀና ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የማገልገል ግዴታ የሌለበት ሠራተኛ ክፍያው ይገባዋል። ስሌቱ ለመጀመሪያው ዓመት የ1 ወር ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ደግሞ የዚያ ሲሶ ሲሆን፣ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በእርስዎ ሁኔታ 1 ወር ሲደመር የ18 ዓመቱ 6 ወር፣ ባጠቃላይ የ7 ወር ደመወዝ፣ ማለትም 63,000 ብር ይሆናል። ያልወሰዱት የዓመት ፈቃድም ወደ ገንዘብ ተለውጦ ይታሰባል፤ የሥራ ልምድ ማስረጃም ያለ ክፍያ ሊሰጥዎ ይገባል። ከደመወዝዎ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጥ ከነበረ፣ የአሠሪው 11 በመቶ ተጨምሮበት በእርግጥ ገቢ መደረጉን ከማኅበራዊ ዋስትና ጽሕፈት ቤት ያጣሩ፤ ይህን ከወጡ በኋላ ማጣራት አድካሚ ነው።

መልስ (የነጋዴ ልጅ)፦
ሕጉን አልቃወምም፤ ዳሩ ግን ሐጂን በሚያነጋግሩበት በዚያው ምሽት 63,000 የሚል ቁጥር ከአፍዎ እንዳይወጣ። በሌላ ቀን ከልጃቸው ጋር በሂሳብ ሰዓት ቢነሣ ይሻላል።

መልስ (መዝገብ ያዥ)፦
እስካሁን ማንም ያላነሣውን ልጨምር፤ ከዚህ ቤት በክብር የሚያስወጣዎ ርክክቡ ነው። እኔ በሂሳብ ሥራ ላይ እያለሁ ያየሁት ጠብ ሁሉ የተነሣው ሠራተኛው ከሄደ ከወራት በኋላ «ያ ዕቃ የት ገባ?» በሚል ጥያቄ ነበር። የመጋዘን ቆጠራውን ከልጃቸው ጋር ሆናችሁ ሚስማሩን በኪሎ፣ ቆርቆሮውን በቁጥር፣ ቀለሙን በጣሳው መጠን ለይታችሁ ጻፉና ተፈራረሙ። ቁልፎቹንም በቃል ሳይሆን በዝርዝር ያስረክቡ። የዱቤ መዝገቡ እንዴት ነው የተያዘው?

ባለ ቁልፉ፦
እውነቱን ለመናገር ያሳፈረኝ እሱ ነው። ደንበኞቹን የጻፍኳቸው እኔ በማውቃቸው ስም ነው፤ «የሆጤው አናጺ»፣ «ባለ ቀይ ባጃጅ»፣ «የሰኞ ገበያዋ እትዬ» የሚል ነው ያለው። ወደ 40 የሚሆኑ ናቸው፤ ከእኔ በቀር ማን ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

መልስ (መዝገብ ያዥ)፦
እንግዲያው የ30 ቀኑ ዋና ሥራ ይኸው ነው። በአዲስ ደብተር ላይ ከየቅጽል ስሙ አጠገብ ሙሉ ስም፣ ስልክና ቀሪ ዕዳ ያስፍሩ፤ ከዚያም በየቀኑ ሁለት ሦስት ሰው ዘንድ ከልጃቸው ጋር እየሄዱ «ከእንግዲህ ሂሳብዎ ከእሱ ጋር ነው» ብለው ያስተዋውቁት። በስልክ ብቻ ከሆነ ባለ ዕዳው ከእርስዎ በቀር ማንንም አላውቅም ሊል ይችላል። ይህን ሠርተው ከጨረሱ የስንብት ክፍያውን መጠየቅም አያሳፍርዎትም።

ባለ ቁልፉ፦
ትናንት ሐጂ ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ የጠየቁኝ «ልጆቹ ትምህርት ቤት ሊቀይሩ ነው?» ብለው ነው። አይደለም፣ እኔ ነኝ የምመላለሰው ስላቸው መረቁኝ፤ ይሁንና ረመዳን ሳይፈታ እንዳልወጣ ለመኑኝ። ፋብሪካው የሚፈልገኝ ግን ከዚያ 12 ቀን ቀድሜ እንድገባ ነው።

መልስ (የሠራተኛ ጉዳይ)፦
30 ቀኑ ዝቅተኛው ስለሆነ በስምምነት ማራዘም ይቻላል። መጀመሪያ ፋብሪካው የመጀመሪያ ቀንዎን እንዲያሸጋግርልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ከፈቀደ በደብዳቤው ላይ የሚያሰፍሩት የመልቀቂያ ቀን ያ ይሁን። ካልፈቀደም ደብዳቤውን ከማስረከብዎ በፊት ለሐጂ ይንገሯቸው እንጂ ቀን ሳይጽፉ ባዶ ትተው እንዳይሰጡ።

መልስ (መዝገብ ያዥ)፦
ካልፈቀደም «እሑድ እሑድ መጥቼ የዱቤ ደብተሩን ከልጅዎ ጋር እጨርሳለሁ» ይበሏቸው። እኔ እንዲያ አድርጌ ነበር፤ አራት እሑድ በቂ ነው።