«ፌዴራሊስት» ስንል የትኛውን?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ አሜሪካ ሕገ መንግሥት አጭር ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። «ፌዴራሊስት» የፌዴራል ሥርዓት ደጋፊ ነው ብዬ አለፍኩ። ትንሽ ገፋ ስል ከሕገ መንግሥቱ አርቃቂዎች አንዱ የሆነውን ጄምስ ማዲሰንን የፌዴራሊስቶች ተቃዋሚ ሆኖ አገኘሁት። መጀመሪያ ላይ ዋናው ፌዴራሊስት እሱ አልነበረም እንዴ? ደግሞ «ፋክሽን»ን አንጃ ብለው ያስኬዳል?

መልስ፦ ሰውየው ያው ማዲሰን ነው። የተቀየረው ቃሉ ነው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ይሄን ስም ግን ያወጡት ብልጦች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1787 ፊላደልፊያ ላይ የተረቀቀው ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ እንዲውል ከ13ቱ ስቴቶች 9ኙ ማጽደቅ ነበረባቸው። በዘመኑ አነጋገር «ፌዴራል» ሲባል ይበልጡን የሚታሰበው በቃል ኪዳን የተሳሰሩ ስቴቶች ማኅበር ነው። ጠንካራ ማዕከላዊ መንግሥት የፈለጉት ወገኖች ቀድመው ስሙን ወሰዱት። ለስቴቶች ሥልጣን የሚቆረቆሩት ደግሞ «ፀረ» ተለጥፎባቸው ቀሩ። አንዴ «ፀረ» ከተባልክ ምን እንደምትደግፍ ማን ይሰማሃል?

ፊላደልፊያ ላይ አልፈርምም ያለው ኤልብሪጅ ጌሪ በ1789 ምክር ቤት ውስጥ በዚህ ተሳልቋል። ክርክሩ ስለ ማጽደቅ ስለነበር፣ «ራቲፋይ» ከሚለው ቃል ተነስተን አንዱን ወገን «ራት»፣ ሌላውን «ፀረ ራት» ማለት ነበረብን አለ። ራት በእንግሊዝኛ አይጥ ነው። (ጌሪማንደሪንግ የሚባለው የምርጫ ክልል ሸፍጥ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሰውዬ ነው።)

እስከ 1788 ድረስ እንግዲህ ፌዴራሊስት ማለት «ይጽደቅ» ባይ ነው፤ ፓርቲ አይደለም። ቨርጂኒያ ላይ 89 ለ79፣ ኒው ዮርክ ላይ 30 ለ27፣ ለጥቂት አለፈ። አንዴ ከጸደቀ በኋላ «አይጽደቅ» የሚል ወገን ምን ቀረው? በ1791 የመብቶች ድንጋጌ ሲጨመር ደግሞ ትልቁ ቅሬታ ረገበ። ጠቡ ግን አልሞተም። «ይጽደቅ፣ አይጽደቅ» የነበረው «ለመሆኑ ምን ይላል?» ወደሚል ተዛወረ።

እዚህ ላይ የቃል ሰዎች ጆሯችሁን ስጡኝ። በ1790 ማብቂያ ላይ የገንዘብ ሚኒስትሩ አሌክሳንደር ሐሚልተን ብሔራዊ ባንክ ይቋቋም አለ። ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ባንክ የሚል ነገር የለም። ሐሚልተን «አስፈላጊና ተገቢ» ሕጎችን ለማውጣት የሚፈቅደውን ሐረግ መዘዘ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቶማስ ጀፈርሰን፣ «አስፈላጊ» ማለት ያለ እሱ የማይሆን ነው እንጂ የሚመች ማለት አይደለም ብሎ ሞገተ። ሐሚልተን ደግሞ የሚጠቅም፣ ለሥራው የሚያግዝ ማለት ነው አለ። ማዲሰን ምክር ቤት ውስጥ ባንኩን ተቃወመ፤ ከሐሚልተን ጋር ሆኖ ለሕገ መንግሥቱ መጽደቅ የጻፈው ያው ማዲሰን። ፕሬዚዳንት ዋሽንግተን ግን ፈረመበት።

ፓርቲዎቹ ቅርጽ የያዙት ከዚህ ወዲህ ነው። የሐሚልተን ወገን የድሮውን ስም ይዞ ቀጠለ። እነጀፈርሰን ራሳቸውን ሪፐብሊካን አሉ። በ1854 ከተመሠረተው ከዛሬው ሪፐብሊካን ፓርቲ ጋር እንዳታምታታው።

ሌላ አባል፦ «አንጃ» ለእኔ አይዋጥልኝም። በእኛ ጆሮ አንጃ ከድርጅት ውስጥ ያፈነገጠ ትንሽ ቡድን ነው፤ የኢሕአፓን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ስድብነቱን ያውቀዋል። ማዲሰን ግን ሕገ መንግሥቱ እንዲጸድቅ ከተጻፉት፣ «ፌዴራሊስት» ከሚባሉት ጽሑፎች በ10ኛው፣ በስሜት ወይም በጥቅም ተሳስሮ የሌላውን መብት የሚጋፋ ብዙኃንም ፋክሽን ነው ይላል። አብዛኛውን ሕዝብ አንጃ ልትለው ነው? «ወገንተኛ ቡድን» ይሻላል።

ጠያቂ፦ ለምን በቀጥታ ፓርቲ አልለውም?

ሌላ አባል፦ የባሰ ታምታታዋለህ። ያኔ «ፓርቲ»ም ቢሆን የሚያኮራ ቃል አልነበረም። ጀፈርሰን ራሱ በ1789 በጻፈው ደብዳቤ፣ መንግሥተ ሰማያት የሚገባው ከፓርቲ ጋር ብቻ ከሆነ ይቅርብኝ ብሏል። ከዚያ ምን አደረገ? ፓርቲ መርቶ ፕሬዚዳንት ሆነ!

ጠያቂ፦ እሺ፣ ለ1787 እና 88 «የማጽደቅ ደጋፊዎች» እላለሁ፤ ከባንኩ ወዲህ «ፌዴራሊስት ፓርቲ»።

መልስ፦ ጥሩ ነው። 1801 ስትደርስ ግን ተጠንቀቅ። ጀፈርሰን በበዓለ ሢመቱ «ሁላችንም ሪፐብሊካን ነን፣ ሁላችንም ፌዴራሊስት ነን» አለ። በእጁ ሲጽፍ ሁለቱንም በትንሽ ፊደል ነው የጻፋቸው፤ ማለትም እንደ ሐሳብ እንጂ እንደ ፓርቲ ስም አይደለም። ጋዜጦች ትልቅ ፊደል አደረጉባቸው። የእኛ ፊደል ደግሞ ትልቅና ትንሽ የለውም። «የሪፐብሊክ ወዳጆች፣ የፌዴሬሽን ወዳጆች» ብል ቅኔው ይጠፋብኛል። የተሻለ መላ ያለው ካለ ወዲህ ይበል።