መንገዱ ጭር ካለም «ቁም» ላይ መቆም ግድ ነው?

ጠያቂ፣ ደሴ
ሰላም የወሎ ልጆች። ከሰፈራችን ወደ ዋናው አስፋልት መውጫው ዳገት ነው፣ ጫፉ ላይ የቁም ምልክት አለ። እኔ ሁሌ ጎማው ቀጥ እስኪል እቆማለሁ። ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ግን ክላክሱን ያንባርቀዋል። ትናንት አንዱ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ «ማን አለና ነው የምትገተረው!» አለኝ። ግራ ቀኙ ባዶ ከሆነ ቀዝቀዝ አድርጎ ማለፍ አይበቃም? ፍሪሲዮኑም ያሳዝነኛል።

የኮምቦልቻው ሹፌር
አብሽር ወንድሜ፣ ቁም። ቀዝቀዝ አድርጎ ማለፍ የሚቻለው የተገለበጠው ሦስት ማዕዘን፣ ቅድሚያ ስጥ ያለበት ላይ ነው። ቀዩ ስምንት ማዕዘን ግን ሰው ኖረም አልኖረም ያስቆማል። ደግሞ ባዶ ነው የምትለው የታየህን ያህል ነው እኮ። ከፊት መስታወቱ ጎን ያለው ቋሚ ብረት ባጃጅ እንዳለ ይጋርዳል፣ አንተም እየተንከባለልክ እሱም እየመጣ ከብረቱ ጀርባ ሳይወጣ አፍንጫህ ሥር ሊደርስ ይችላል። ስትቆም ግን እሱ ብቻ ስለሚንቀሳቀስ ይወጣልሃል።

ፍሪሲዮን የሚበላው መቆሙ አይደለም፣ ዳገት ላይ መኪናውን በፍሪሲዮን ይዞ መጠበቁ ነው። የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገህ ልቀቅ፣ የሞተሩ ድምፅ ወረድ ሲል ነዳጅ ጨምርና የእጅ ፍሬኑን ፍታ።

ባለ ባጃጅ
እኔ አልስማማም። ሌሊት ማንም በሌለበት ለማን ነው የሚቆመው? ድንገት ስትቆም ከኋላ ያለው ይገጭሃል።

የኮምቦልቻው ሹፌር
ድንገት ማን ቁም አለህ? ቀደም ብለህ ፍሬን ነካ ነካ አድርግ፣ መብራቱን ያይልሃል። ርቀት መጠበቅ የእሱ ግዴታ ነው። ሌሊት ደግሞ መብራት የሌለው ጋሪም እግረኛም አለ።

የሁለት ልጆች እናት
እኔ መኪና የለኝም። ልጆቼን ይዤ የምሻገር ነኝ። የሚንከባለል መኪና ይቁም አይቁም በምን ልወቅ? በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ቢሄድ እንኳ በሰከንድ ወደ 3 ሜትር ይጠጋል፣ ትንሹ ልጄ እጄን ቢያመልጠኝ አለቀ። ጎማው ሲቆም ነው እግሬን የማነሳው። ክላክሱን ተወው፣ አላህ ይስጥህ።

ጠያቂ፣ ደሴ
እሺ እህቴ፣ በቃኝ። ግን መስመሩ ተፍቋል፣ የት ላይ ልቁም?

የኮምቦልቻው ሹፌር
እግረኛ ከሚሻገርበት በፊት ቁም። ከዚያ ግንቡ ወይም የቆመ አይሱዙ ከጋረደህ ትንሽ ሳብ በልና ዋናው አስፋልት ሳትገባ ድገመው።