ፈተና ይዛወርልን ብሎ መምህርን መጠየቅ ተገቢ ነው?

መነሻ፣ ከኮዬ ፈጬ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቀን እየሠራሁ ማታ የምማር ነኝ። ፋይናላችን ረቡዕ ነው። የክፍላችን ተጠሪ «ለቀጣዩ ሳምንት ይዛወርልን» ብላ ፊርማ እያሰባሰበች ነው። ምክንያቱ ማክሰኞም ሌላ ፈተና ስላለ ነው። እኔ አልፈርምም። ለረቡዕ ከአለቃዬ ፈቃድ የወሰድኩት በስንት ልመና ነው። ቀኑ ከተቀየረ ማን ድጋሚ ይፈቅድልኛል? የታመመ ወይም ሐዘን የደረሰበት ግን ለብቻው ሌላ ቀን ይሰጠው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ከቱሉ ዲምቱ፦
እህቴ፣ እኔ ፈርሜአለሁ። ከክፍል ወጥቼ ታክሲ ተሰልፌ ቤት ስገባ ሦስት ሰዓት ያልፋል። በዚያ ሌሊት ለረቡዕ ምን ላጥና? ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። እንጠይቅ፣ ካልሆነም ይቅር።

ከቂሊንጦ፦
ፈርሙ አትፈርሙ ከማለታችን በፊት፣ ቀን ሳይቀየር የሚፈታም አለ። አንድ ረመዳን ላይ ፈተናችን አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ነበር፣ ልክ ማፍጠሪያው ሲደርስ። መምህሩን ቀድመን አነጋገርናቸው። ግማሽ ሰዓት ገፉልን። ኮሪደሩ ላይ ቆመን በቴምርና በውሃ አፈጠርን፣ ከዚያ ገባን። ማንም አልተጎዳም። ኢድ ግን ይለያል። ጨረቃ እስኪታይ ቀኑ አይቆረጥም። መርሃ ግብር የሚያወጡ ሰዎች ከመነሻው ኢድ ሊውል የሚችልባቸውን ሁለቱንም ቀናት ከፈተና ነፃ ቢያደርጉ ማንም ደጅ አይጠናም ነበር።

መምህር ነኝ፣ ከአቃቂ፦
ልጆች፣ ከእኛ ወገን ያለውንም ስሙኝ። ፈተና ሲዛወር ክፍል ይፈለጋል፣ ፈታኝ እንደገና ይመደባል። ውጤት ለሬጅስትራር የማስገባበት ቀን ግን አይንቀሳቀስም። ያኔ ወረቀታችሁን የማርመው በጥድፊያ ነው፣ የምትጎዱትም እናንተው ናችሁ። ለአንድ የታመመ ተማሪም ቢሆን ሜካፕ (ፈተና ላመለጠው በሌላ ቀን የሚሰጥ ምትክ ፈተና) ማለት አዲስ ፈተና ማውጣት ነው። የቀድሞውን ብሰጠው ጥያቄዎቹ በቴሌግራም ደርሰውታል። ቢሆንም አደርገዋለሁ። የሚከብደኝ ፈተናው ሊጀመር ሲል የሚደወልልኝ ነው። እንዲህ ብላችሁ ቀድማችሁ ጻፉልኝ፦ «መምህር፣ እናቴ ሆስፒታል ተኝታለች፣ ረቡዕ መፈተን አልችልም። የሐኪም ማስረጃውን አያይዣለሁ። መቼ ልቅረብ?» ስምና መታወቂያ ቁጥር አትርሱ። ለለቅሶ ከሆነ የዕድር ደብዳቤ ይበቃኛል።

ከቱሉ ዲምቱ፦
መምህር፣ እርስዎ ስለሚያዝኑልን ነው። ሌላው መምህር ያንኑ ማስረጃ አይቶ «አይሆንም» ቢልስ?

ከኮዬ ፈጬ፦
እኔንም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው! ሜካፕ የመምህሩ ደግነት መሆን የለበትም። የትኛው ማስረጃ እንደሚያስፈቅድ፣ እስከ መቼ እንደሚቀርብ፣ መምህሩ እምቢ ካለ ወዴት እንደሚኬድ በዲፓርትመንቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ያኔ ደፋሩም ዓይን አፋሩም እኩል ይስተናገዳል። የእኛ መደራረብ ደግሞ መርሃ ግብሩ የወጣ ዕለት መነሳት ነበረበት። ያን ጊዜ ቢሆን እኔም እፈርም ነበር። አሁን ግን ፈቃድ ወስደው፣ ልጅ የሚይዝላቸው ሰው ለምነው የተዘጋጁ አሉ። የብዙ ሰው ፊርማ የእነሱን ረቡዕ አይመልስም። ለተጠሪዋ ዛሬ ማታ ይህንኑ እነግራታለሁ። ደንቡ ይለጠፍልን የሚል ደብዳቤ ካዘጋጀች ግን መጀመሪያ የምፈርመው እኔ ነኝ።