ሁለት ክሎን ሰርቨሮች አብረው ሲነሱ ኔትወርክ ይቆራረጣል

ኬብሉ_ተነቅሏል፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ቨርቹዋልቦክስ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ምናባዊ ኮምፒውተር የሚያስነሳው ፕሮግራም) ላይ ኡቡንቱ ሰርቨር 22.04 ጫንኩና ሁለት ክሎን፣ ማለትም ሙሉ ቅጂ፣ አወጣሁበት፤ አንዱ ለዌብ፣ አንዱ ለዳታቤዝ። ኔትወርኩ ብሪጅድ ነው (እያንዳንዱ ሰርቨር ራውተሩ ላይ በቀጥታ እንደተሰካ ሆኖ ይገናኛል)፣ ላፕቶፑም ራውተሩ ላይ በኬብል ተሰክቷል። ለየብቻ ሳስነሳቸው ሰላም ናቸው። አንድ ላይ ሲነሱ ግን ጉድ ነው! ኤስኤስኤች (ከሩቅ ሆኖ ሰርቨሩን ማዘዣው) ይገባል፣ ወዲያው ድርቅ ይላል። ፒንግ አንዴ ይመልሳል፣ አንዴ ጭጭ። ኢንተርኔቱ ነው እንዳትሉኝ፣ ላፕቶፑ ራሱ ዩቲዩብ እያጫወተ ነው።

ጀማሪ_አድሚን፦
ብሪጁን ተወውና ናት (ቨርቹዋልቦክስ ራሱ በመሃል ሆኖ ኢንተርኔት የሚያካፍልበት) አድርገው፣ እኔ ጋ ይሠራል። ወይ ደግሞ ማክ አድራሻቸው (የኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር) አንድ እንዳይሆን።

ኬብሉ_ተነቅሏል፦
ማኩ ይለያያል፤ ክሎን ሳደርግ አዲስ እንዲፈጥር መርጫለሁ። በናት ሁለቱም ኢንተርኔት ያገኛሉ፣ እርስ በርስ ግን አይተያዩም። የገረመኝ፣ በብሪጅድ ሁለቱም 192.168.1.37 ይላሉ። ራውተሩ አበደ እንዴ?

የሌሊት_ፈረቃ፦
ራውተሩ ምን አደረገ ወዳጄ! ኡቡንቱ ሰርቨር አይፒ ሲጠይቅ ራሱን የሚያስተዋውቀው በማክ አይደለም፣ ከማሽን-አይዲ (ሲስተሙ ሲጫን ከሚያገኘው የራሱ መለያ ቁጥር) በሚያወጣው መለያ ነው። ማሽን-አይዲ ኢቲሲ (/etc) ፎልደር ውስጥ ያለ ፋይል ስለሆነ ዲስኩ ሲገለበጥ አብሮ ይገለበጣል። ቨርቹዋልቦክስ ማኩን ይቀይርልሃል እንጂ እሱን አይነካውም። ስለዚህ ለራውተሩ ሁለቱም አንድ ደንበኛ ናቸው፣ ያንኑ አይፒ ይሰጣቸዋል።

በናትማ ሁለቱም 10.0.2.15 ይባላሉ። እያንዳንዱ ለብቻው ስለታጠረ አይጋጩም፣ አይገናኙምም። ለዳታቤዝ ምን ይረባሃል?

አንደኛው ክሎን ላይ ያንን የማሽን-አይዲ ፋይል በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) ባዶ አድርገው። አታጥፋው፣ ባዶ ብቻ። ሪስታርት ስታደርግ አዲስ ይፈጥራል። ቫር ሥር ዲባስ ውስጥም በዚሁ ስም ሌላ አለ። ወደ መጀመሪያው ፋይል የሚያመለክት ሊንክ ከሆነ ተወው፤ ራሱን የቻለ ፋይል ከሆነ ግን የድሮውን ቁጥር ከዚያ ይመልስብሃል፣ እሱን አስወግደው። ዋናውን ማሽንም ወደፊት ክሎን ከማድረግህ በፊት ፋይሉን እንዲሁ ባዶ አድርግና ማሽኑን ዝጋው።

ማሽን-አይዲውን መንካት ካልፈለግክ ኔትፕላን (የኡቡንቱ የኔትወርክ ማስተካከያ) ላይ የዲኤችሲፒ መለያው፣ ማለትም አይፒ ሲጠይቅ ራሱን የሚያስተዋውቅበት፣ ማክ እንዲሆን ማዘዝ ይቻላል። እኔ ግን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ የሎግ ሰብሳቢ ፕሮግራሞችም በዚሁ አይዲ ሊምታቱ ይችላሉ።

ኬብሉ_ተነቅሏል፦
እጅህ ይባረክ! አሁን አንዱ 37፣ አንዱ 41 ሆነዋል፣ ፒንጉም አይቆራረጥም። ግን አዲሱ አይፒ ላይ በኤስኤስኤች ስገባ «ይህ ቁልፍ በሌላ አድራሻም ይታወቃል» አለኝ። ይሄስ?

የሌሊት_ፈረቃ፦
እሱም አብሮ ተገልብጦ ነው። ኢቲሲ ሥር ያለው ኤስኤስኤች ፎልደር ውስጥ የሆስት ቁልፎቹን (ሰርቨሩ ማንነቱን የሚያሳይባቸውን) አጥፋና የኦፕንኤስኤስኤች ሰርቨር ፓኬጁን እንደገና ኮንፊገር አድርገው፣ አዲስ ያወጣልሃል።